«ፍሬንድ ሪኩዌስት»፦ ግማሹ ያስፈራል፣ ግማሹ ያስቃል

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ሆነን «ፍሬንድ ሪኩዌስት» የሚባለውን የሆረር ፊልም አየነው። እኔ፣ የአክስቴ ልጅ እና አክስቴ። አክስቴ እንኳ ፊልም ልታይ አልነበረም የተቀመጠችው። ለእሁድ ወጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሲያልቅ ሳስበው ግን ከሦስታችን ፊልሙ በደንብ የገባት እሷ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግማ ብትመጣ አትገረሙ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የመጀመሪያው ሠላሳ አርባ ደቂቃ በጣም አሪፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀሽም ነው፤ ሁሉም አይደለም፣ አብዛኛው። ፊልሙ 92 ደቂቃ ስለሆነ ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ደግሞ መጨረሻውን ጭምር እናገራለሁ። ሳላየው እንዳትነግረኝ የምትሉ አይታችሁ ተመለሱ።

ዳይሬክተሩ ሲሞን ፈርሁፈን ጀርመናዊ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ጀርመን ወጣ፤ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የደረሰው በ2017 መስከረም ላይ ነው። ታሪኩ አሜሪካ ውስጥ ነው የሚባለው፣ የተቀረጸው ግን ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ነው። አፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካ አክሰንት የሚያወራ ፊልም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ዘመድ ሁላችንም አለን።

ታሪኩ ቀላል ነው። ላውራ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ አለች። ቆንጆ፣ ተግባቢ፣ ሰው የሚወዳት። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ላይ ከ800 በላይ ጓደኞች አሏት። አብራት የምትማር ማሪና የምትባል ልጅ ደግሞ አለች። ሁልጊዜ ኮፍያዋን ተከናንባ ከኋላ ብቻዋን ትቀመጣለች። የጓደኞቿ ብዛት ዜሮ። ይቺ ማሪና ለላውራ የጓደኝነት ጥያቄ ትልክላታለች። ላውራ ገጿን ገባ ብላ ታያለች። ጥቁር በጥቁር የሆኑ፣ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች፣ ደን፣ የሚቃጠል ነገር፣ ፊት የሌላት ልጅ። ደነገጠች፣ ግን ደግሞ አሳዘነቻት። ተቀበለቻት።

እዚህ ጋ አክስቴ ቢላዋውን አስቀምጣ «ስምንት መቶ ሰው? ይሄ ዕድር ነው እንዴ?» አለች። ልጇ እየሳቀች እኛ ሰፈር 5,000 የሞላበት ልጅ እንዳለ ነገረቻት። እውነቷን ነው። ፌስቡክ ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይፈቅድም፤ ልጁም «ስለሞላብኝ ፔጄን ፎሎው አድርጉ» ብሎ ከለጠፈ ቆይቷል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን ስሜን አያስታውስም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው የፊልሙ ምርጡ ክፍል። ማሪና መልእክት መላክ ትጀምራለች። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። የላውራን ፎቶ ሁሉ ላይክ ታደርጋለች፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተለጠፈውን ሳይቀር። «ኦንላይን ነሽ አይደል? ለምን አትመልሺልኝም?» ዓይነት ነገር። ላውራ ክፉ አይደለችም፤ ልጅቷን ማስቀየም አትፈልግም፣ መቅረብም አትፈልግም። በዚህ መሀል የልደቷ ቀን ይደርሳል። ማሪና መምጣት ትፈልጋለች። ላውራ ደግሞ «ከፍቅረኛዬ ጋር ብቻ ነው የማከብረው» ብላ ትዋሻለች። ከዚያ ጓደኞቿን ሁሉ ሰብስባ ትደግሳለች፣ ፎቶዎቹም ይለጠፋሉ።

ማሪና ታያቸዋለች። በቃ፣ ይሄው ነው። መንፈስ የለም፣ ደም የለም፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ያልተጠራችበትን ድግስ ፎቶ እያገላበጠች ታያለች። ከፊልሙ ሁሉ የጨነቀኝ ይህ ቦታ ነው። ምክንያቱም ላውራ ያደረገችውን ያላደረገ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አላውቅም። «ከከተማ ወጥቻለሁ» ብለን ካዛንቺስ ቁጭ ብለን ቢራ ስንጠጣ የተያዝን አለን። «ስልኬ ዘግቶብኝ ነበር» ያልነው ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት የለጠፍነውን ስቶሪ አይቶ ዝም ያለን አለን። እኔ ራሴ ስንቴ «ኔትወርክ አልነበረም» ብዬ አምልጫለሁ። የላውራ ችግር ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር አለመወለዷ ነው። እኛ ጋ ይቺ ውሸት ሁልጊዜ ትታመናለች፤ ግማሽ ጊዜ እውነት ስለሆነች።

በማግስቱ ማሪና ሰው በተሰበሰበበት ትይዛታለች። ግብግብ ይሆናል፣ ኮፍያዋ ይወልቃል፣ ፀጉሯን እየነቀለች ራሷን እንደ ጨረሰችው ሁሉም ያያል። ላውራ ተሸማቃ ማታ ቤቷ ገብታ ከጓደኝነት ትሰርዛታለች። አንድ ክሊክ። ማሪናም ራሷን ታጠፋለች፤ ላፕቶፗ ፊት፣ እየቀረጸች።

ማሪናን የምትጫወተው ሊዝል አህለርስ ደቡብ አፍሪካዊት ናት። ለእኔ ከተዋንያኑ አንደኛ እሷ ናት። ብዙ አትናገርም። ዓይኗን አንስታ ስታይ ግን «እባክሽ» እያለች ይሁን «ወዮልሽ» እያለች አይታወቅም። ላውራን የምትጫወተው አሊሺያ ዴብናም-ኬሪም ጥሩ ናት፤ ጥፋተኛ መሆኗን የምታውቅ ግን ለማንም የማታምን ሰው ፊት አላት። የተቀሩት ጓደኞች ለመሞት የተቀጠሩ ናቸው። ስማቸውን እንኳ ለመያዝ አልደከምኩም።

የሞቱ ዜና ክፍል ውስጥ ሲነገር አክስቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ለቅሶዋስ?»

አስከሬኗ አልተገኘም አልናት።

«ይሁን። መርዶውስ ለማን ተነገረ?»

ዝም አልን። ፊልሙ ውስጥ መርዶ የሚነገርለት ሰው የለም። እናት የለም፣ አባት የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ሌሊት በር የሚንኳኳበት ቤት የለም። ልጅቷ ዜሮ ጓደኛ አላት ሲባል ለእኔ የስክሪን ላይ ቁጥር ነበር። አክስቴ ናት ወደ አማርኛ የመለሰችልኝ፤ የሚረዳላት ቤት የሌላት ልጅ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ያውቀው ይሆን? ቢያውቀውማ ቀሪውን አንድ ሰዓት እዚሁ ላይ ይቆፍር ነበር።

ግን አልቆፈረም። ማሪና ጠንቋይ ሆነች።

እዚህ ነው ፊልሙ የወረደብኝ። ከሞት በኋላ የማሪና መንፈስ የላውራን ጓደኞች አንድ በአንድ እያሳበደ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያደርጋል። የአሟሟታቸው ቪዲዮ ደግሞ በላውራ ገጽ ላይ፣ በላውራ ስም ይለጠፋል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ጎበዝ ነው። አካውንቷን ልታጠፋ ትሞክራለች፣ እምቢ ይላል። ኮሌጁ እሷ ናት የለጠፈችው ብሎ ይይዛታል። ሰው ደግሞ ይሸሻታል፤ የጓደኞቿ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሲወርድ እናያለን፣ ስምንት መቶ፣ ሰባት መቶ፣ እያለ ቁልቁል። ቁጥሩ እንደ ታክሲ ሒሳብ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሲቀንስ ማየት ከማንኛውም ጩኸት በላይ ልብ ይይዛል። ከመንፈሱ ይልቅ ሰዎቹ ናቸው የሚያስፈሩት፤ ማንም ደውሎ «ምን ሆነሽ ነው?» አላላትም። ሁሉም ቪዲዮውን አየ፣ ተሳደበ፣ ሰረዛት። ይሄ ድግምት አያስፈልገውም። እኛ ሰፈር በየሳምንቱ ይሆናል።

ግን ፊልሙ በዚህ አልረካም። ማሪና ለምን እንዲህ ሆነች የሚለውን ለማስረዳት ከእሳት ቃጠሎ የሚጀምር፣ በሕፃናት ማሳደጊያ የሚያልፍ የልጅነት ታሪክ ያመጣል። የላውራ ጓደኞች መርማሪ ሆነው ይሄንን ይፈልጋሉ፣ ያንን ያገኛሉ፣ የማሪና አስከሬን ያለበትን ቦታ ለማግኘት ይሯሯጣሉ። ፖሊሶች አሉ፤ ለምን እንዳሉ አልገባኝም። ተርብ አለ፣ ብዙ ተርብ። አለ አይደል፣ ሰው ሳይጠይቅህ ዝምድናውን ከሰባት ቤት ጀምሮ የሚቆጥርልህ ዓይነት ነው ነገሩ። ልጅቷ ብቸኛ ነበረች፣ ተዋሸች፣ ተዋረደች። ይሄ በቂ ነበር። ጠንቋይ ስትሆን እኮ ጥፋቱ ከላውራና ከእኛ ላይ ተነሳ፤ «ድሮም ልጅቷ ጤነኛ አልነበረችም» ብለን እፎይ አልን።

እንዲያውም ይሄ ነገር ከቀሽምነትም ያልፋል። ፀጉርን መንቀል እኮ የታወቀ ሕመም ነው፤ የሚሠቃዩበት ሰዎች አሉ። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ያንን አሳይቶ አሳዘነን፣ በኋላ የክፋት ምልክት አደረገው። ብቸኛና ታማሚ የሆነን ሰው ጭራቅ አድርጎ መሣል የድሮ ልማድ ነው። እኛም አገር «ቡዳ ናት» ተብሎ ስንቱ ተገልሏል። አክስቴ ግን እዚህ ላይ ከእኔ ጋር አልተስማማችም። «መንፈስማ አለ» አለች። «ይልቅ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚወስዳት ጠፍቶ ነው።» ይህን ካለች በኋላ ልጅቷ በታየች ቁጥር «ጸበል፣ ጸበል» ስትል አመሸች።

ከጥንቆላው ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ወድጄዋለሁ፤ ጥቁሩ መስታወት። ኮምፒውተር ጎበዝ የሆነው የላውራ ጓደኛ ያስረዳል፦ ጠንቋዮች በድሮ ጊዜ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጠው መናፍስት ይጠሩ ነበር፤ የጠፋ የላፕቶፕ ስክሪን ደግሞ ያው ጥቁር መስታወት ነው። ማሪና እሱ ፊት ሞታ መንፈሷ ወደዚያ ገባ። አሪፍ አይደል? የእኛ ሰው ይህን ቀድሞ አስቦታል እኮ። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ነበር የሚለው። ጨለማ ክፍል ገብተህ ግድግዳ ላይ የሌለ ሰው ሲሄድ ታያለህ፤ ምን ይባል ታዲያ? ቅድመ አያቶቻችን ስክሪን የሚባል ነገር ባዩ በመጀመሪያው ቀን የደረሱበትን ፊልሙ በአንድ ሰዓት ማብራሪያ ደረሰበት።

ከዚህ ማብራሪያ በኋላ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፣ አራት ኪሎ ነው ያለነው። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። የአክስቴ ልጅ የስልኳን መብራት ስታበራ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሦስታችንም ቁጭ ብለናል፤ አክስቴ ቢላዋ ይዛ። ማንም አልተናገረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማታውን ሙሉ እንደዚያ የደነገጥኩበት ቦታ የለም። አክስቴ «በሌሊት መስታወት አይታይም ብዬ ነበር» አለችና ነጠላዋን አንስታ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል አደረገችው። መብራት የመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ነጠላውን ለማንሳት ተነታረክን።

ማስደንገጫዎቹ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ይህ ፊልም አንድ ዘዴ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዝም፣ ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ድንገት የተበላሸ ፊት ከእሪታ ጋር። አንዴ ያስደነግጣል። ሁለተኛውን ትጠብቀዋለህ። አምስተኛው ላይ የአክስቴ ልጅ «አሁን፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» እያለች ትቆጥር ጀመር፣ አንድም ጊዜ አልሳተችም። ልጅ ሆነን ታላላቆቻችን ከበር ጀርባ ተደብቀው «ጅቡ መጣ!» እያሉ ሲያስደነግጡን ከነበረው በምን ተሻለ? እነሱ እንኳ ቦታ ይቀያይሩ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ነገርም ያስቃል። ጓደኛዬ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ያንን የሚንቀጠቀጥ ፊደል «ኮድ ነው» ብለው ሲያሳዩት ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም። ከዚህ ፊልም ቀደም ብሎ የወጣ «አንፍሬንድድ» የሚባል ፊልም አለ፤ ሙሉ ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነው የሚያልቀው። እሱ ላይ ፍርሃቱ ራሱ ከአጠቃቀሙ ይመጣል፤ የሆነ ሰው እየጻፈ እንደሆነ ይታይሃል፣ ይጽፋል፣ ያቆማል፣ ያጠፋል። ያን ትንሽ ነገር አንተም በየቀኑ ታየዋለህ። «ፍሬንድ ሪኩዌስት» ግን ስክሪኑን ለሥዕል ብቻ ይጠቀምበታል። የማሪና የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች ቆንጆ መሆናቸውን አልክድም፤ ለብቻቸው ተቆርጠው ቢሰጡኝ ደጋግሜ አያቸው ነበር።

ሌላው ደግሞ የእኛ አገር ሰው ሲያየው የሚያስቸግር ነገር አለ። መንፈሱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይስ አይሠራም? ፊልሙ አይናገርም። እኛ ደግሞ ይሄ ጥያቄ ወዲያው ነው የሚመጣብን። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ማሪና ምን ታደርግ ነበር? በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ሁላችንም በቪፒኤን ስንገባ እሷም ቪፒኤን ልትጭን ነው? ላውራ አካውንቴ አልጠፋም አለኝ ብላ ስታለቅስ አክስቴ «እዚህ ብትመጣ ያጠፉላት ነበር» አለች። የማታው ትልቁ ሳቅ ይሄ ነበር።

ሳቁ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ግን ከፊልሙ ይዤ ወጥቻለሁ። የሞተ ሰው ገጽ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ልደቱ ሲደርስ ስልኬ ያስታውሰኛል፤ «እንኳን አደረሰህ በለው» ይለኛል። ገጹ ላይ ስትገባ ነፍስ ይማር የሚሉ የሻማ ፎቶዎች አሉ፣ ከእነሱ በላይ ደግሞ መሞቱን የማያውቁ ሰዎች «ሃፒ በርዝደይ ብሮ፣ ጠፋህ እኮ» ብለው የጻፉት አለ። ፌስቡክ የሟች ገጽ ወደ መታሰቢያነት የሚቀየርበት አሠራር አለው፤ የሆነ ሰው ማመልከት አለበት እንጂ በራሱ አይሆንም። ማን ያመልክት? እናቱ ስማርት ስልክ የላቸውም። እኛ ደግሞ እርስ በርስ እየተያየን ቀረን። እኔም ከጓደኝነት ልሰርዘው አስቤ አልቻልኩም፤ ጣቴ እምቢ ይለኛል። ላውራ ማሪናን ለመሰረዝ አንድ ክሊክ ስትጫን ያየሁት ያንን ነው። ፊልሙ ይህን ስሜት ነካ አድርጎ ወደ ተርቡ ተመለሰ።

መጨረሻው ላይ ትንሽ ይነሳል። የቀሩት ጓደኞች መንፈሱ የላውራን ወዳጆች እንጂ ላውራን እንደማይፈልግ ይገባቸዋል፤ ዓላማው ብቻዋን ማስቀረት ነው። ያ የኮምፒውተር ጎበዝ፣ ላውራን በልቡ ይወዳት የነበረው ልጅ፣ ራሱን ለማዳን እሷን ለመግደል ይነሳል። ከመንፈሱ በላይ እሱ ቢላዋ ይዞ ሲመጣ ነው የተወጠርኩት። ከዚያ የመጨረሻዋ ትዕይንት። ላውራ ኮፍያ ተከናንባ፣ ብቻዋን፣ ላፕቶፕ ይዛ፣ የሚሳሳቁ ሴት ተማሪዎችን ከሩቅ ታያለች። ማሪናን ሆናለች። አጭር ናት፣ ጩኸት የላትም፣ እና ከመሀሉ አንድ ሰዓት ሁሉ ትበልጣለች።

ማን ይየው? ሆረር ለምዶ የቆየ ሰው ይሰለቻል። ከታዳጊ ልጆች ጋር አትዩት፤ ራስን ማጥፋት ደጋግሞ፣ በዝርዝር ይታያል፣ ያለምንም ጥንቃቄ። ትርጉም ፊልም የምትወዱ ደግሞ ይሄንን በትርጉም እንዳታዩት፤ ተራኪው ዝምታዎቹን ሁሉ በወሬ ይሞላቸዋል፣ ከዝምታው ሌላ ደግሞ ብዙ የለውም። ከጓደኞች ጋር ሰብሰብ ብሎ፣ እየተሳሳቁ፣ ለዚያ ይሆናል። ከአሥር ስድስት ሰጥቼዋለሁ። የአክስቴ ልጅ አራት። አክስቴ ቁጥር አልሰጠችም፣ ሽንኩርቱን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ስትመለስ ልጇ ስልኳን ከፍታ ያልተቀበለቻቸውን ጥያቄዎች እያሳየችኝ ነበር። አርባ ሦስት ነበሩ። አክስቴ ከኋላ ቆማ እያየች ድንገት «ቆይ ቆይ፣ ወደ ላይ መልሺው» አለች። ፎቶ የሌለው፣ የአበባ ሥዕል ብቻ ያለው ገጽ ነው። ስሙን ቀረብ ብላ አነበበችው። ፒያሳ ሳንለቅ በፊት ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ በየፊናችን ተበትነን ስልካቸውም ጠፍቶብን ነበር። ጥያቄውን ከላኩ ስድስት ወር ሆኖታል።

«ስድስት ወር!» አለች አክስቴ። «ምን ይሉናል አሁን?»

«ኔትወርክ አልነበረም እንላቸዋለን» አለች ልጇ።